ጋሽ ክላክስና የኋላ ማርሽ

ሰውየው ወላጆቻቸው ያወጡላቸው ስም ነበራቸው፤ ግን ሰፈሩም፣ ጋራዡም፣ ነዳጅ ማደያውም የሚያውቃቸው «ጋሽ ክላክስ» በሚለው ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የረጅም ርቀት አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። ሲወጡ አውቶቡሱን ለመሥሪያ ቤቱ መለሱ እንጂ አነዳዱን አልመለሱም። አሁን የሚይዟት አሮጌ ሰማያዊ የቤት መኪና ሚጢጢ ብትሆንም፣ እርሳቸው ግን ስልሳ ሰው የጫኑ ይመስል መንገዱን መሐል ለመሐል ሰንጥቀው ነው የሚሄዱት። ከፊት የቆመ ካለ ክላክስ ነው፤ ከኋላ የተጠጋ ካለ ስድብ ነው፤ ከጎን ሊገባ የሚሞክር ካለ ደግሞ ሁለቱም ነው። ከመኪና ሲወርዱ ግን ሌላ ሰው ይሆናሉ። ሰላምታቸው አያልቅም፤ የታመመ ይጠይቃሉ፤ አውቶቡስ ውስጥ ቆማ የምትሄድ ሴት ካዩ ከመቀመጫቸው ይነሣሉ። እንዲህ በአንድ ኮት ውስጥ የሚኖሩ ሁለት ሰዎችን የማያውቅ አንባቢ ያለ አይመስለንም።

የዚያን ቀን ረፋድ ላይ ከቤት የወጡት ባለቤታቸውን ከሆስፒታል ለማምጣት ነበር። ባለቤታቸው የልብ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው፣ ተኝተው ከርመው፣ «እንግዲህ ቤትዎ ገብተው ይረፉ» ተብለዋል። ሐኪሙ በዋዜማው ይህን ከተናገረ በኋላ አንድ ነገር አክሎ ነበር። ድንጋጤ እንዳይነካቸው፤ ጩኸትና ንትርክ ካለበት ቦታ እንዲርቁ። ሴትዮዋ ይህን ሲሰሙ ቀና ብለው ባላቸውን አዩ።

«እንግዲያማ በታክሲ ነው የምሄደው» አሉ።

«እኔ መኪና እያለኝ?» አሉ ጋሽ ክላክስ።

«መኪናዋ ምን አደረገችኝ? ነጂው ነው እንጂ! አንተ ሰውዬ፣ ካንተ ጎን ተቀምጬ ልቤ አንድ ቀን ቦታው ላይ ሆኖ አያውቅም። አሁን ደግሞ በስንት መከራ የተጠገነ ልብ ነው። ለልጃችን ነግሬያታለሁ፤ ነገ ታክሲ ትልክልኛለች።»

ጋሽ ክላክስ ቀልድ መስሏቸው ሳቁ። ቀልድ አለመሆኑን ሲያውቁ ግን ሆድ ባሳቸው። የማያውቁትን ሕዝብ ከአገር ጫፍ እስከ አገር ጫፍ ሲያመላልሱ የኖሩ ሰው፣ የገዛ ሚስታቸው «ካንተ ጋር አልሳፈርም» ትበላቸው! ሲገላበጡ አድረው፣ ማልደው ተነሥተው መኪናዋን አጠቡ፤ የጋቢናው ወንበር ላይ ትራስ አደረጉ፤ ታክሲው ሳይደርስ ቀድመው ደርሰው ባለቤታቸውን ሊወስዱ ቆርጠው ተነሡ። ለእርሳቸው ቀድሞ መድረስ ማለት ማንንም አለማሳለፍ ማለት ነው። ይህን ሐሳብ ይዘው ነው ወደ ሆስፒታሉ በሚያቋርጠው ጠባብ መንገድ የታጠፉት።

ይህ መንገድ በእንጨት መሰንጠቂያው ግንብና በማተሚያ ቤቱ አጥር መካከል የሚያልፍ፣ ከአንድ መኪና በላይ የማያስተናግድ ነው። ገብተው ጥቂት እንደሄዱ ከወዲያኛው ጫፍ አንዲት ነጭ መኪና ብቅ አለች። ጋሽ ክላክስ ክላክስ አደረጉ። ነጯም ክላክስ አደረገች። ሁለቱም «እሱ ይመለሳል» እያሉ ተጠጉ፤ ተጠጉና አፍንጫ ለአፍንጫ ገጥመው ቆሙ።

በጋሽ ክላክስ ዘመን የነበሩ ሾፌሮች ለእንዲህ ዓይነቱ ነገር ያልተጻፈ ሕግ ነበራቸው። ሁለት መኪና በጠባብ ቦታ ሲገጥም ሁለቱም ሞተር ያጠፋሉ፤ ቁልፋቸውን ነቅለው ኪሳቸው ይከታሉ፤ መስኮት ዘግተው ቁጭ ይላሉ። መጀመሪያ ሞተር ያስነሣው እርሱ ተሸነፈ። ወሬው መናኸሪያውን ያዳርሳል፤ ሰውየውም የመናኸሪያው መሳቂያ ሆኖ ይከርማል። ተሳፋሪ ቢጮህ፣ ዝናብ ቢመጣ፣ ጆሮ ዳባ ልበስ ነው። ጋሽ ክላክስ በዚህ ጨዋታ ተረትተው አያውቁም። ስለዚህ ሞተሩን አጠፉ፤ ቁልፉን ነቅለው ደረት ኪሳቸው ከተቱ፤ ጋዜጣቸውን ዘርግተው ማንበብ ጀመሩ። ሚስታቸው እየጠበቋቸው፣ ታክሲው እየቀደማቸው፣ እርሳቸው የስፖርት ገጽ ያነባሉ! እልህ የያዘውን ሰው አእምሮ ፈልጎ ማግኘት እንዲህ ያስቸግራል።

ከነጯ መኪና መነጽር ያደረገ ወጣት ወረደ። ፊቱ ቀልቷል፤ አረማመዱም የጠብ ነው። መስኮቱ ዘንድ ደርሶ ሽበታቸውን ሲያይ ግን ቆም አለ፤ ትንፋሹን ሰብሰብ አደረገና እጅ ነሣ።

«እንደምን አረፈዱ፣ አባባ?»

ጋሽ ክላክስ ለስድብ ተዘጋጅተው ስለነበር ሰላምታው አደናገራቸው። ሰላምታ አለመመለስ ደግሞ አይሆንላቸውም። መስኮቱን ዝቅ አደረጉ።

«እግዚአብሔር ይመስገን፤ እንዴት አረፈድክ፣ ልጄ?» አሉ። ከዚያ ነገሩ ትዝ አላቸውና «መኪናህን መልስ!» ብለው ጮኹ።

«በደስታ በመለስኩ። ግን ይመልከቱ፤ ከኋላዬ ፍራሽ የጫነ መኪና ገብቷል፤ ከሱ ኋላም ሌላ አለ። ከእርስዎ ኋላ ግን ማንም የለም። ጥቂት ወደ ኋላ ቢሉልን ሁላችንም እንወጣለን።»

«እኔ ለሰው ብዬ የኋላ ማርሽ አስገብቼ አላውቅም።»

«መንዳት ከጀመሩ ብዙ ጊዜ ሆነዎት?»

«አንተ ሳትወለድ፤ አባትህም ገና ጢም ሳያበቅል።»

«በዚህ ሁሉ ዘመን አንድም ቀን?»

«አንድም ቀን! ስማኝ ልጄ፤ መንገድ ላይ አንዴ ከለቀቅህ ሲለቁ መዋል ነው። አንዱን ብታሳልፍ አሥሩ ይከተለዋል። ያሳለፍከውም ሰው ዞሮ ‹ጨዋ ሰው ነው› አይልህም፤ ‹ሞኝ አገኘሁ› ነው የሚለው። እኔ አውቶቡስ ሙሉ ሰው ይዤ ለሁሉ ሳሳልፍ ብውል ኖሮ እስካሁን መንገድ ላይ ነበርኩ። ትሕትና ጊዜ ላለው ሰው ነው።»

ይህ የጋሽ ክላክስ ብቻ ክርክር አይደለም። ከመሪ ኋላ የሚቀመጥ ሰው አብዛኛው በልቡ የያዘው ነው፤ እርሳቸው ብቻ ሳያፍሩ ተናገሩት። ወጣቱም አልናቀውም፤ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ እየወለወለ ጥቂት አሰበ።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎ። እኔና እርስዎ በእግራችን ሆነን አንድ በር ላይ ብንገናኝ ምን ይሉኛል?»

«ምን እልሃለሁ፤ ግባ እልሃለሁ።»

«እኔስ?»

«ባለጌ ካልሆንክ ‹ኧረ እርስዎ ይቅደሙ› ትላለህ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ እኔ ‹በሞቴ› እላለሁ፤ አንተ ‹አይሆንም› ትላለህ፤ እኔም ክንድህን ይዤ…»

«አዩ! በር ላይ ቆመን ‹አንተ ቅደም›፣ ‹እርስዎ ይቅደሙ› ስንባባል ሰው ከኋላችን ይሰለፋል። ላለመቅደም ነው የምንታገለው። የመኪና በር ሲዘጋብንስ? ያው እኔ፣ ያው እርስዎ፤ ለመቅደም ልንተላለቅ እንደርሳለን። ያ ሁሉ ‹በሞቴ› የት ገባ?»

ጋሽ ክላክስ ጣታቸውን በመስኮቱ አውጥተው የነጯን መኪና አፍንጫ አሳዩት።

«ያ ሌላ፣ ይህ ሌላ» አሉ። «በር ላይ ሰውየውን አየዋለሁ። ሽማግሌ ይሁን፣ ልጅ ይሁን፣ ዕቃ ይሸከም፣ አያለሁ። እዚህ የማየው ቆርቆሮ ነው።»

«እኔም ያየሁት ቆርቆሮ ነበር። እውነቱን ልንገርዎ፣ ልሰድብዎ ነው የወረድኩት።»

«አውቄያለሁ! አረማመድህ ነገረኝ።»

«ሽበትዎን ሳይ ግን አፈርኩ። ቆርቆሮው ውስጥ ሁልጊዜ ሰው አለ፤ ስለማይታየን ነው እንጂ። አንዱ ታማሚ ይዞ ነው፤ አንዱ ገና መንዳት እየለመደ ነው፤ አንዱ ሰው ቀብሮ እየተመለሰ ነው።»

«አንዱ ደግሞ ዝም ብሎ ባለጌ ነው!»

«እሱም አለ» ብሎ ወጣቱ ሳቀ። «ግን ባለጌውን ሰድበው አርመውት ያውቃሉ?»

ጋሽ ክላክስ አሰቡ። በዘመናቸው የሰደቡት ሰው ስፍር ቁጥር የለውም። ከዚያ ሁሉ መካከል «ተምሬያለሁ፣ አመሰግናለሁ» ብሎ የሄደ ግን ትዝ ሊላቸው አልቻለም። ይሁን እንጂ በቀላሉ እጅ የሚሰጡ ሰው አይደሉምና ውጊያውን ወደ ወጣቱ ሰፈር አሻገሩት።

«ለመሆኑ ሥራህ ምንድነው፣ እንዲህ የምትሰብከኝ?»

«መሐንዲስ ነኝ። በከተማው የመንገዶች መሥሪያ ቤት የትራፊክ ጥናት ነው የምሠራው።»

«እንዴ! ታዲያ ጥፋቱ ያንተ ነዋ! እዚህ አፉ ላይ አንዲት ምልክት ብትተክሉ፣ በአንድ ወገን ብቻ ግቡ ብትሉ፣ እኔና አንተ መቼ እንገጥም ነበር? ማጥናትህ ምን ፈየደ?»

ወጣቱ ጆሮው ድረስ ቀላ። «ይህስ እውነት ነው። ለአለቆቼ አቀርባለሁ። ምልክቱ እስኪተከል ግን ምልክቱ እኛው ነን፣ አባባ። የትም ቦታ ምልክት አይበቃም። ሁሉ ነገር በሕግ ቢጻፍ እንኳ ‹እርስዎ ይለፉ› የሚለውን የሚናገረው ሰው ነው።»

በዚህ መካከል ፍራሽ የጫነው ሾፌር አንገቱን በመስኮት አውጥቶ፣ «ኧረ እናንተ ሰዎች! ሽማግሌ ልላክባችሁ ወይስ ፍራሽ ላንጥፍላችሁ?» ሲል ጮኸ። ጋሽ ክላክስ ሳይወዱ በግዳቸው ፈገግ አሉ። ወጣቱም በመስኮቱ ጠርዝ ላይ ክንዱን አስደግፎ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ለመሆኑ የት ሊሄዱ ነው እንዲህ የቸኮሉት?»

«ባለቤቴን ከሆስፒታል ላወጣ። ልቧን በቀዶ ሕክምና ታክማ ተኝታ ነው የከረመችው።»

«ምን? ታዲያ እሳቸው እየጠበቁ እዚህ ጋዜጣ ያነባሉ?»

«አንተ ካልተመለስክልኝ ምን ላድርግ!» አሉ ጋሽ ክላክስ። ድምፃቸው ግን እንደ ቅድሙ አልሆነም። ጋዜጣውን አጥፈው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት። «ደግሞስ ብደርስ ምን ይረባኛል? አልሳፈርም ብላለች። በታክሲ ነው የምሄደው፣ ያንተ አነዳድ ልብ ያወልቃል ትለኛለች። ሰው የገዛ ሚስቱን እንዲህ ያስፈራል? እኔ አንድ ቀን እጋጫለሁ ብዬ አላውቅ፤ ተጋጭቼም አላውቅ።»

«ባለቤትዎ ከጎንዎ ሲቀመጡ እጃቸው የት ነው የሚሆነው?»

«እጇ? እጇማ እዚያ፣ ከበሩ በላይ ያለችው እጀታ ላይ ነው። እሷም የማትረባ ዕቃ ናት፤ ስንቴ ተነቀለች፣ ስንቴ አስገጠምኳት! ፋብሪካው ሲሠራት በምራቅ ነው መሰለኝ ያጣበቃት።»

«የኋላ ወንበሮቹስ እጀታዎች ተነቅለው ያውቃሉ?»

«የኋላዎቹ…» ጋሽ ክላክስ ዘወር ብለው አዩ። የኋላዎቹ እጀታዎች መኪናዋ ስትገዛ እንደነበሩ ናቸው። አንድ ፋብሪካ የሠራቸው፣ አንድ ዓይነት ብሎን የያዛቸው። ወደ ጋቢናው እጀታ ተመለሱ። ዙሪያው በተደጋጋሚ ጥገና ቆሳስሏል፤ የጣሪያው ጨርቅም ላልቷል። እጃቸውን ዘርግተው ነካኩት። ከዚያ የሚስታቸው ጣቶች ታዩዋቸው፤ እነዚያ ቀጫጭን ጣቶች በየመታጠፊያው፣ በየክላክሱ፣ በየስድቡ እጀታውን ጨምድደው ሲይዙ፣ ብረቱን ከጣሪያው እስኪነቅሉት ድረስ። ይህን ሁሉ ዘመን የረገሙት ፋብሪካ አንዳች ጥፋት አልነበረበትም።

«ምነው ሳትነግረኝ» አሉ። ራሳቸውም መለሱ፦ «ኧረ ነግራኛለች። ትናንትም ነግራኛለች።»

ወጣቱ ክንዱን ከመስኮቱ ጠርዝ አንሥቶ ፈቀቅ አለ። የተማረ ሰው ፈቀቅ ማለት የሚገባውን ቦታ ማወቁ ራሱ ከትምህርቱ የሚቆጠር ነው።

ጋሽ ክላክስ እጃቸውን ደረት ኪሳቸው ከተው ቁልፉን አወጡ። ሞተሩ ሲነሣ ፍራሽ የጫነው ሾፌር «እልል!» አለ።

«በል፣ ና ምራኝ» አሉት ወጣቱን። «የኋላ መስታወቴ ጭጋግ ነው።» መስታወቱ ጭጋግ አልነበረም፤ ጭጋጉ ዐይናቸው ላይ ነበር።

ወጣቱ ከኋላ ሆኖ እጁን እያወናጨፈ «ይምጡ፣ ይምጡ፤ ትንሽ ወደ ግራ፤ ይምጡ፤ በቃ!» አለ። ዕድሜ ልካቸውን የከለከሉትን ነገር እንዲህ ሲያደርጉት ቀላል ሆኖ አገኙት። ወጣቱ ወደ ነጯ መኪናው ተመልሶ ሲያልፍ አንገቱን ዝቅ አድርጎ «እናታችንን ይማርልን!» አላቸው፤ እርሳቸውም መረቁት። ሲያሾፍ የነበረው ፍራሽ ጫኝ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ እጅ ነሣቸው። ከእርሱ ኋላ የመጣችው ሴትዮ ከነሙሉ ጥርሷ ሳቀችላቸው። ጋሽ ክላክስ «ተሸነፍኩ» ብለው መሸማቀቅ ሲገባቸው፣ መንገድ ዳር ቆመው እንደ ሙሽራ አባት ሰላምታ ሲቀበሉ ተገኙ። የማሳለፉ ሥራ ከጭቅጭቁ እጅግ ያጠረ ጊዜ ነበር የወሰደው።

ልማድ ግን በአንድ ረፋድ አይለቅም። ወደ ሆስፒታሉ ሲቃረቡ አንድ ሚኒባስ ፍሬቻ ሳያሳይ ከፊታቸው ጥልቅ አለ። የጋሽ ክላክስ እጅ ጌታዋን ሳታስፈቅድ ወደ ክላክሱ ሄደች፤ ግማሽ መንገድ ላይ ያዟትና ራሳቸውን አከኩባት። «ይለፍ» አሉ። «ምናልባት ታማሚ ይዞ ይሆናል።» ሚኒባሱን ጎን ለጎን ሲያገኙት ሾፌሩ ዳቦ እየገመጠ በስልክ ይስቃል። ደማቸው ፈላ። ተነፈሱና «ቢሆንም ይለፍ» አሉ። እንዲህ ያለው ሁለተኛው «ይለፍ» ነው ከባዱ።

ሆስፒታሉ በር ሲደርሱ ታክሲው ቀድሟቸዋል። የባለቤታቸው ሻንጣ ተጭኗል፤ ባለቤታቸውም አንድ እግራቸውን አስገብተዋል።

«ቆይ፣ ቆይ፣ አንድ ጊዜ ስሚኝ» አሉ ጋሽ ክላክስ ከመኪናቸው እየወረዱ። «ዛሬ ለሰው ብዬ የኋላ ማርሽ አስገባሁ።»

«ማን አስገደደህ? ፖሊስ?»

«ማንም። እጀታውን ስትነቅይው የኖርሽው አንቺ እንደሆንሽም ገባኝ። እኔ ፋብሪካውን ነበር የምረግመው።»

ሴትዮዋ ትክ ብለው አዩዋቸው። ከዚያ ሳቃቸው አመለጣቸውና ደረታቸውን ደገፍ አደረጉ። «አታስቀኝ፣ ስፌቱ ያመኛል።» ባላቸውን ደግመው አዩ። ቆሞ መልስ የሚጠብቅ ሽማግሌ ነው፤ ኮፍያውን በሁለት እጁ ይዞ። እግራቸውን ከታክሲው አወጡ። «እሺ፤ ልሞክርህ። ታክሲው ግን ከኋላችን ይከተል። አንዲት ስድብ ከሰማሁ እዚያው ወርጄ ነው የምሄደው።»

ታክሲ ነጂው ሰው ሳይጭን ሰው እንዲከተል ታዝዞ አያውቅም፤ ቢሆንም ነገሩ ጥሞት ተከተላቸው። ጋሽ ክላክስ ለእግረኛ ቆሙ። ከጋራዥ ሊወጣ ለቸገረው እጃቸውን አውጥተው «ና፣ ውጣ» አሉት። ከኋላቸው የጮኸባቸውን ጥግ ይዘው አሳለፉት። በየደረሱበት ፍሬን መርገጥ ቀረ፤ ነዳጅ መርገጥም ቀረ፤ መኪናዋም በስተርጅናዋ ዕረፍት አገኘች። ትከሻቸው ከጆሯቸው ወርዶ ቦታው ተመለሰ። ከሁሉ የገረማቸው ደግሞ በክላክስና በሽሚያ ሲሄዱ ከሚደርሱበት ጊዜ እምብዛም አለመዘግየታቸው ነው። ያ ሁሉ ጩኸት ያተረፈላቸው ነገር ቢኖር ይህ ስማቸው ብቻ ነበር።

ግማሽ መንገድ ላይ የባለቤታቸው የመድኃኒት ከረጢት ከጭናቸው ተንሸራቶ ወደቀ። ጋሽ ክላክስ ዞር ብለው ሲያዩ የሴትዮዋ አንገት ወደ ጎን ዘንበል ብሏል፤ ዐይናቸው ተከድኗል፤ እጃቸው ዝሏል። መንገዱን ቀስ ብለው ለቀው ዳር ያዙ፤ ጎንበስ ብለው የሚስታቸውን ትንፋሽ አዳመጡ። ታክሲ ነጂውም ከኋላ ቆሞ እየሮጠ መጣ።

«ምን ሆኑ? ሆስፒታል እንመልሳቸው?»

ጋሽ ክላክስ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ። በዝምታው ውስጥ ቀጭን፣ ሰላማዊ ማንኮራፋት ይሰማ ነበር።

«ተኝታለች» አሉ በሹክሹክታ። እንባቸው ጉንጫቸው ላይ ወረደ። «እኔ እየነዳሁ ተኝታለች! ተጋብተን እዚህ እስክንደርስ እኔ እየነዳሁ ተኝታ አታውቅም።» ታክሲ ነጂውም ፈገግ ብሎ፣ ሻንጣውን ድምፅ ሳያሰማ ወደ ሰማያዊዋ መኪና አዛውሮ፣ በሩን በእጁ ገፋ አድርጎ ዘጋና መንገዱን ቀጠለ።

ቤታቸው ደጃፍ ሲደርሱ ጋሽ ክላክስ ባለቤታቸውን አልቀሰቀሷቸውም። መሪውን እንደያዙ ተቀመጡ። ጎረቤቶች ክላክስ ሳይሰሙ መምጣታቸው ደንቋቸው በመስኮት ያዩ ጀመር። ከብዙ ቆይታ በኋላ ሴትዮዋ ዐይናቸውን ገለጥ አደረጉ።

«ደረስን እንዴ?»

«ቆየን።»

«እንዴት ሳልሰማ?» ብለው ደጃፉን አዩ፤ ባላቸውን አዩ። ከዚያ ትራሱን ከጀርባቸው አስተካክለው መልሰው ተደገፉ። «በል እስኪ አንድ ጊዜ ዞር ዞር አድርገኝ። እንቅልፌን አልጠገብኩም።»